ባንችይርጋና የሪጌል ጓድ

ባንችይርጋ ገብረ ሊባኖስን ያወቅኋት በ1977 ዓ.ም. ነው። እኔ አስቻለች፣ የሙጃ ልጅ ነኝ። ጂኦግራፊ ላስተምር ተመድቤ ላሊበላ ስደርስ ትምህርት ቤቱ ትምህርት ቤት መሆኑ ቀርቶ የተራበ ሰው ማደሪያ ሆኖ ጠበቀኝ። ወንበሩ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተቆልሏል፤ በየክፍሉ ሰው ተደራርቦ ተኝቷል። እሷ የፊዚክስ መምህርት ናት። ያን ዕለት ግን እጅጌዋን ሰብስባ ትልቅ በርሜል ሙሉ ፋፋ ታማስል ነበር።

"ምንድን ነሽ?" አለችኝ ማማሰያውን ሳትለቅ።

"ጂኦግራፊ።"

"እንግዲያው ያንን ጭልፋ አንሺና ከልጆቹ ጀምሪ።"

ትውውቃችን ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን ኖርን።

ክፉው ቀን አልፎ ሰው ወደየቀዬው ሲመለስ ግቢው ውስጥ የቀረው ባዶ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነበር። ሰው ለክዳን፣ ለበር፣ ለውሃ መቅጃ እያለ ወሰደው። ባንችይርጋም የተሻለ የተሻለውን መርጣ ጓሯችን ደረደረችው።

"ምን ልትሠሪበት ነው?" አልኳት።

"ቴሌስኮፕ።"

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ነገሩ የቆየ ነው። አባቷ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ በላሊበላ የታወቁ የአቋቋም መምህር ናቸው። የዝማሜውን እንቅስቃሴና የከበሮውን ምት ለደብተራዎቹ ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጃቸው ቀለም የሚቀበል ጭንቅላት እንዳላት ሲያዩ ወልድያ ዘመድ ቤት አስጠግተው ሁለተኛ ደረጃ አስተማሯት። እዚያ ፊዚክስ ያስተማራት ሚስተር ኩሪያን የሚባል ሕንዳዊ ነበር። ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ወፋፍራም ክብ መስታወቶች፣ በከረጢት በከረጢት የተቋጠረ የመሞረጃ ዱቄትና አንድ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ሰጣት። ቴሌስኮፕ ሊሠራበት ከአገሩ ይዞት የመጣው ነው፤ ሥራው አላደርስ ብሎት ሳይጀምረው ቀረ። "አንቺ ትጨርሺዋለሽ" አላት፤ ያልተጀመረውን ማለቱ ነው። ኮሌጅ ስትገባም፣ ተመርቃ ስትመደብም መስታወቶቹ በሣጥን ሆነው ተከተሏት።

ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ልቧን ወስዶት ነበር። ከፀሐይ በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚያበሩ ግዙፍ ኮከቦች የሚናገር ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ብቻቸውን አይደሉም፤ አጠገባቸው ጓደኛ ኮከብ አለች። ግን የትልቁ ብርሃን ስለሚውጣት ጥርት ያለ ምስል የሚሰጥ መሣሪያ ካልተገኘ አትታይም።

"ኮከብ ሚዛን ላይ አይወጣም" ትለኝ ነበር። "ክብደቱ የሚታወቀው ጓደኛው እንዴት እንደምትዞረው ታይቶ ነው። ጓደኛውን ያላገኘ ሰው ኮከቡን አውቄዋለሁ ማለት አይችልም።"

እሷ የመረጠችው ሪጌልን ነው። ሦስቱ ተሰልፈው ከሚታዩት ኮከቦች ዝቅ ብሎ ያለው፣ ነጣ ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነው ሪጌል። ጓደኛ እንዳለችው የፈረንጅ ሊቃውንት ካወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ባንችይርጋ ይህንን ደብቃ አታውቅም። "ታዲያ ምን ያደክምሻል?" ሲሏት መልሷ አንድ ነበር፦ "እነሱ አይተዋታል፤ እኔ አላየኋትም።"

መሞረዱ የ1978ን በጋና ክረምት በላ። አንዱን መስታወት በርሜል ላይ አጣብቃ፣ ዱቄቱን በውሃ አርሳ፣ ሌላውን ከላይ አድርጋ ወዲያና ወዲህ ትገፋለች፤ ትንሽ ገፍታ በርሜሉን ዞር፣ እንደገና ገፍታ ዞር። የላይኛው ቀስ በቀስ ይጎደጉዳል፣ የታችኛው ያብጣል። ድምፁ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ድካም ጥሏት የተወችው ቀን ሴቶቹ በአጥር ላይ ብቅ ብለው "ምነው የመምህርቷ ወፍጮ ዛሬ አይፈጭም?" ይሉን ነበር። ሻካራው ዱቄት አልቆ ወደ ላመው፣ ከላመው ወደ መወልወሉ ሲደረስ ከብልባላ ገበያ ሰም ገዝተን ከዝፍት ጋር አቀለጠችው፤ በእሱ ላይ ቀዩን የመወልወያ ዱቄት ነስንሳ ወራት አሸች። መስታወቱ ልክ መምጣት አለመምጣቱን በኩራዝ ብርሃንና በምላጭ ጠርዝ ትፈትነው ነበር።

መስታወቱ እንዲያንጸባርቅ ብር የሚቀባበት ቀን ደረሰ። በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ቁም ሣጥን ውስጥ የብር ናይትሬት ብልቃጥ ተርፋ ነበር፤ ለአንድ ሙከራ ብቻ የምትበቃ። ድብልቁን አፈሰሰችው፣ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። "ተበላሸ" አልኩ። እሷ ግን ሳህኑን ቀስ እያለች ማወዛወዟን አልተወችም። መስታወቱን ስታጥበው የራሷ ፊት ከውስጡ ወጥቶ አያት።

የቆርቆሮውን ቱቦ ቆርቆሮ ሠሪው አለሜ ዳር ዳሩን ቆራርጦ በያይዶ ሠራላት፤ ውስጡን ጥላሸት ቀባነው። የዓይን መመልከቻው ከተሰበረ ማይክሮስኮፕ የተነቀለ ነው። በ1979 ኅዳር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃን አየን። ጉድጓዶቿ ከማዶው ተራራ ጥግ ያሉ እስኪመስሉ ድረስ ቀረቡን። እኔ በዚያ ረክቼ ነበር።

ሪጌል ግን እምቢ አለ። ጨለም ሲል ቱቦውን ከቤት አውጥተን ስንደግንበት እንደሚንተከተክ ሽሮ ይፈላል። እሾህ እሾህ ያለው ብርሃን ወዲያና ወዲህ ይረጫል እንጂ ቅርጽ የለውም። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። መስታወቱን አውጥታ እንደገና ፈተነችው፤ ልክ ነው። "ምላጩ አይዋሽም" አለች፤ "ታዲያ የሚዋሸው ማን ነው?"

ይህንን ሳትመልስ ሌላ መከራ መጣ። ጥር ላይ፣ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የሰፈሩ ወታደሮች ግቢያችን ውስጥ ወደ ሰማይ የተቀሰረ ቱቦ አይተው ለቀበሌ አመለከቱ። የጊዜውን ነገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሞላ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣና ቴሌስኮፑን እንደ ሬሳ በትከሻ አሸክሞ ወሰደው። ሞርታር ነው ተብሏል።

በማግስቱ ተከትያት ቀበሌ ሄድኩ። ጓድ ሞላ ረጅም፣ ድምፁ ጎርናና፣ ሳያስብ የማይናገር ሰው ነው። ቱቦው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

"ይኼ ነገር ምን ይተኩሳል?" አላት።

"ምንም አይተኩስም፤ ብርሃን ይሰበስባል።"

"ለምን?"

"ሪጌል የሚባል ኮከብ አለ። አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ትንሿን ለማየት ነው የሠራሁት።"

"አየሻት?"

አይቻታለሁ ብትለው ነገሩ የሚያልቅ መስሎኝ በክርኔ ጎሰም አደረግኋት።

"አላየኋትም" አለች።

ጓድ ሞላ በቱቦው አፍ ወደ ውስጥ አየ። ያዳናት ይህ መልስ ይመስለኛል። "ዋሾ ቢሆን ኖሮ አየሁ ይል ነበር" አለ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "ውሰጂው። ግን ትእዛዝ አለኝ። አንደኛ፣ ይህ ዕቃ ቤት ውስጥ አይደበቅም። ከቀትር በኋላ ጀምሮ ግቢው መሐል፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከጨለመ በኋላ ወደ ሰማይ ተቀስሮ እንዳላይ። ወታደር ደንግጦ ቢተኩስ እኔ አላድንሽም።"

ከቀበሌው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። በዚያ ሁሉ የረሃብ ወራት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። "አስቻለች" አለችኝ እንባዋ እየወረደ፣ "ኮከብን በቀን እዪ አለኝ እኮ!"

ትእዛዙ ግን ትእዛዝ ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቱቦውን አውጥተን ግቢው መሐል እናቆመዋለን፤ ዶሮ ይወጣበታል፤ ሲመሽ እናስገባዋለን። የካቲት ገባ። አንድ ቀን ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና ሰማያዊ እንደሆነ፣ ልናስገባው አንዷ በአንድ ወገን አንዷ በሌላው ይዘነው ሳለ ባንችይርጋ ቀና ብላ ቆመች። ከአናታችን ወደ ደቡብ ጋደል ብሎ ሪጌል ብቅ ብሏል። ዓይን ገና አልያዘም፤ የሰው ፊት በደንብ ይለያል። "ጨለማ አይደለም" አለች ቀስ ብላ፣ እንደሚሰርቅ ሰው። ቱቦውን አዞረችው።

ጎንበስ ብላ በጣም ቆየች። መተንፈሷን ሁሉ ተጠራጠርኩ።

"ነይ" አለችኝ በመጨረሻ። "ምንም አልነግርሽም። እዪና ያየሽውን ንገሪኝ።"

አየሁ። ያ የሚንተከተከው ብርሃን ጠፍቷል። ሪጌል ክብ፣ ትንሽ፣ ጸጥ ያለ ነጥብ ሆኗል፤ ጀርባው ሰማያዊ ነው።

"ትልቁን አየሁት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም… ቆይ። ቆይ እስቲ። ኧረ ባንቺ! ትንሽ ነገር አለች! በስተቀኝ ወደ ላይ፣ እንደ አዋራ ቅንጣት…"

አልጨረስኩም፤ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ግቢውን ዞርን፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ።

ምክንያቱን ያገኘችው ወዲያው ነው። ቀድሞ ቱቦውን ከሞቀ ቤት አውጥተን ብርድ ላይ ስናቆመው ውስጡ ያለው አየር ይተራመስ ነበር፤ ምስሉን የሚያፈላው ይህ ነው። አሁን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ደጅ ስለዋለ ከአየሩ ጋር እኩል ቀዝቅዟል። ዓይን የሚያጭበረብረውን የሪጌልን ብርሃን ደግሞ ያልጨለመው ሰማይ አለዘበው። ሁለቱ የጓድ ሞላ ትእዛዞች ናቸው ጓደኛዋን ያወጧት።

እሷ ግን አሁንም አላመነችም። "እኔና አንቺ ስለፈለግናት ይሆናል ያየናት" አለች። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ጓድ ሞላንና አባቷን ጠራቻቸው። ቤት ውስጥ ሳህን ላይ አንድ ሽምብራ መሐል አስቀመጠች፤ ሽምብራው ሪጌል ነው። የሚያየው ሰው ለማንም ሳይናገር ይገባና ትንሿን ባየበት ወገን አንድ ምስር ያስቀምጣል፤ እኔ የምስሩን ቦታ አይቼ አነሳለሁ፣ ሌላው ይገባል።

ጓድ ሞላ ባርኔጣውን አውልቆ አየ። ገባ፣ ምስሩን አስቀመጠ፣ ምንም ሳይናገር ወጥቶ ጥግ ቆመ። መሪጌታ ቀጠሉ። ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ብዙ አዩ። እሳቸውም ገብተው ወጡ። ከጎረቤት አንዲት ሴት ጨመርን። ምስሩ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ነበር፤ በስተቀኝ ወደ ላይ።

ስነግራቸው ጓድ ሞላ በእጁ ጭኑን መታ። "ሪጌልም ጓድ አለው!" አለ ጎርናናውን ድምፁን ለቆ፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ።

"አንቺ ልጅ" አሉ መሪጌታ ልጃቸውን እያዩ፣ "ይህን ኮከብ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ብዬ ነበር የማየው።"

"እኔም እንዲሁ ነበር አባባ፤ እርስዎ ዛሬ ያዩዋትን እኔም ትናንት ነው ያየኋት።"

አሁን የቀራት በፎቶ ማስቀረት ነበር። የከተማው ፎቶ አንሺ ታፈረ፣ የሁላችንንም የመታወቂያ ፎቶ ያነሳ ሰው፣ ሌንሱ የሚፈታ ዜኒት ካሜራና አንድ ጥቅል ፊልም ይዞ መጣ። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ካሜራው ሲያነሳ ቀጭ ብሎ ቱቦውን ያናውጠዋል። ለዚህ ሰፌድ መድኃኒት ሆነ፦ እኔ የቱቦውን አፍ በሰፌድ ሸፍኜ እቆማለሁ፣ ታፈረ ካሜራውን ከፍቶ ይይዛል፣ መናወጡ ሲያልፍ ሰፌዱን አነሳለሁ፣ መልሼ እሸፍናለሁ። ሁለተኛው ከበደ። ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ከመመልከቻው ይሸሻል። ባንችይርጋ ከትምህርት ቤቱ ሞርሳ፣ ከብረት ማጥበቂያው፣ የፈታችውን ጥርስ ያለው ዘንግ ከመቆሚያው ጋር አያይዛ በእጇ ጥቂት ጥቂት እያዞረች ትከተለዋለች። ልቧ ሲመታ ግን እጇም አብሮ ይቸኩላል።

መሪጌታ በር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። "እጅሽ ምት አጥቷል" አሏት። "ሁዳዴ ስለሆነ ከበሮው አርፏል፤ እኔም ሥራ ፈት ነኝ። ምቱን ልስጥሽ?"

መቋሚያቸውን የሚያነሱ መስሎኝ ነበር። እሱን ግድግዳው ላይ አስደግፈው "ይህ የቤተ ክርስቲያን ነው" አሉና ከማገዶው መሐል አንድ እንጨት መርጠው ግንድ ላይ ይመቱ ጀመር። ያ ምት እንዴት ያለ ምት ነበር! አይፈጥን፣ አይዘገይ፣ አንዱ ከሌላው በፀጉር አይለይም። በእያንዳንዱ ምት ባንችይርጋ ዘንጉን በትንሹ ታዞራለች። አንድ ሲሉ ሰፌዱን አነሳለሁ፣ አራት ሲሉ እመልሳለሁ። አጥሩ ላይ የተደረደረው ጎረቤት ትንፋሹን ውጦ ያያል። ዓይን እስኪይዝ ያለችውን ጥቂት ጊዜ እየተጠቀምን በተከታታይ ምሽቶች ፊልሙን ጨረስነው።

ታፈረ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ፋኖሱን በቀይ ጨርቅ ሸፍኖ አጠበው። ብዙው ተበላሽቷል፤ ኮከቡ አንዱ ላይ እንደ ትል ተስቧል፣ ሌላው ላይ ተድቦልቡሏል። አንዱን መርጦ ወረቀት ላይ አወጣው። መድኃኒቱ ውስጥ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ሲጠቁር መሐሉ ላይ ክብ ነጭ ነጥብ ቀረ፤ አጠገቡ አንዲት ሚጢጢ ነጭ።

"አቧራ ነው" አለ ታፈረ አዝኖ። "ፊልም ላይ ሁልጊዜ ያጋጥመኛል።"

ባንችይርጋ አልተከራከረችም። "ሌላውን ሥዕል አውጣው" አለችው። የሚቀጥለውን ነጥሮ የወጣ ሥዕል ፈልጎ አወጣው። ሚጢጢዋ እዚያው ነበረች፤ በዚያው ወገን፣ በዚያው ርቀት። በሌላ ምሽት ከተነሳው ሦስተኛ አወጣ። አለች።

"አቧራ በየምሽቱ እዚያው ይወድቃል?" አለችው።

ለዓመታት የሰው ፊት ብቻ ሲያነሳ የኖረው ሰው በሩን በርግዶ "ይዘናታል! ይዘናታል!" እያለ መንገድ ላይ ወጣ። የከፈተው የወረቀት ፓኮ በሙሉ በብርሃን ተቃጠለበት፤ ግድም አልሰጠው።

ፎቶው በትምህርት ቤቱ መግቢያ ተሰቀለ። አንድ ቅጂ ጓድ ሞላ ለቀበሌው አዳራሽ ወሰደና በስብሰባ መሐል "በእኔ ትእዛዝ የተገኘች ኮከብ" እያለ ያሳይ ጀመር፤ ውሸትም አልነበረም። ለሚስተር ኩሪያንም ተላከለት፤ ከብዙ ወር በኋላ መልሱ ሲመጣ ፎቶውን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ እያዞረ እንደሚያሳይ ጽፎ ነበር። ወልድያ ወደተደረገው የትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን ቴሌስኮፑን በጭነት መኪና ይዘን ስንሄድ ጋሸና ላይ አመሸን፤ ምግብ ቤቱ በር ላይ ብናቆመው ሾፌሩም ረዳቱም አስተናጋጇም ተሰልፈው አዩ። በኤግዚቢሽኑ ተሸላሚዋ እሷ ሆነች።

ጓድ ሞላ በዚያ ሰሞን ቤታችን መጥቶ፣ "እንግዲህ ከጨለመም በኋላ ማየት ትችያለሽ፤ ለወታደሮቹ ነግሬያቸዋለሁ" አላት።

"እግዜር ይስጥልኝ ጓድ ሞላ" አለችው። "ጨለማውን ግን አልፈልገውም።"

ዓይኗ ሌላ ላይ ነበር። አባቷ ዐቅራብ በሚሉት የጊንጥ ቅርጽ መሐል አንታሬስ የሚባል ቀይ ግዙፍ ኮከብ አለ። ጓደኛው እጅግ የተጠጋችው በመሆኑ የሪጌል ከእሷ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነው። ክረምቱን ሙሉ ደመናው ዘጋብን። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲለቅ የላስታ ሰማይ እንደታጠበ ብርጭቆ ጠራ። ከሰዓት ጀምሮ ቱቦውን ግቢው መሐል አቆምነው። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ባንችይርጋ ነጠላዋን አደግድጋ ጎንበስ አለች። መሪጌታ ምቱን ጀመሩ፤ እሷ ዘንጉን አዞረች። ቀዩ ኮከብ እንደ ፍም ጭራሽ ሳይንቀሳቀስ ቆመላት። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቀና ሳትል አንድ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

"ይችም አለች!" ብላ ጮኸች። "ደግሞ አረንጓዴ ትመስላለች!"

የጎረቤት ሴቶች ምን እንደተገኘ እንኳ ሳይጠይቁ እልልታቸውን አቀለጡት።